ስምን ከፍቶ ስለ መሄድ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ አንድ ሰው የቤቱን ደጅ ከፍቶ ቢሄድና ሌባ ገብቶ ቢሰርቀው፥ ጉዳቱ የራሱ ስለ ሆነ ጎረቤቶቹ «አይዞህ» ይሉታል እንጂ ብዙ አይፈርዱበትም። ነገር ግን ያ ሌባ ከቤቱ ውስጥ የባለቤቱን ካባ ለብሶ፥ ማኅተሙንም ይዞ ወጥቶ፥ በእርሱ ስም የሌላውን ሰው ቤት ቢያፈርስ፥ ያን ጊዜ ፍርዱ በማን ላይ ነው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት በጅጅጋ ከተማ፥ የግመል ወተት የገባበት አንድ ብርጭቆ ሻሂ ስጠጣ ነው።

እኔ ስልሳ ስድስት ዓመት የሆነኝ ጡረተኛ መምህር ነኝ። የተማርሁት በሐረርጌ፥ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ፤ ማታ ደወል ሲደወል በሩን ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ ሲያንኳኳ «ማነው?» ይላሉ። እኛም «እኔ ነኝ» እንላለን። እርሳቸውም ከውስጥ ሆነው፥ «እኔ ነኝ የሚል ብዙ ነው፤ ስምህን ተናገር» ይሉ ነበር። ይህን ያነሣሁት ነገሩ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ሰርቨር ምን እንደ ሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ዳሩ ግን ለነገሬ የሚበቃኝን ያህል ልናገር። ብዙ ሰዎች በሩቅ ሆነው በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ኮምፒዩተር ነው። ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲሰጠው ደጁን ይከፍትለታል፤ ከዚያም እስኪወጣ ድረስ ያለውን ጊዜ ባለሙያዎቹ ሴሽን ይሉታል። ልብ በሉ፤ ሰርቨሩ ስም የሚጠይቀው በደጁ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬው ከገባ በኋላ በፊደል ገበታው ላይ የምታርፈው ጣት የማን እንደ ሆነች አያይም። ከዚያ ገበታ የመጣውን ሁሉ የዚያ ስም ሥራ አድርጎ ይመዘግባል።

ይህ ነገር የዛሬ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በኤም.አይ.ቲ. ፈርናንዶ ኮርባቶ የተባለው ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ብዙ ሰዎች አንዱን ኮምፒዩተር እየተካፈሉ የሚሠሩበትን ሥርዓት ባሳየ ጊዜ፥ የአንዱ ጽሑፍ ከሌላው እንዲለይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል መስጠት አስፈለገው። ብዙ ሰው በአንድ ቤት ሲኖር ቁልፍ ይመጣል፤ ቁልፍ ከመጣ ደግሞ በበሩ ላይ ረስቶት የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ለሰርቨሮች ቆጣሪ ተሠራላቸው። ሰውዬው ይህን ያህል ደቂቃ ምንም ሳይጽፍ ከቆየ፥ ሰርቨሩ «ሄዷል» ብሎ ደጁን ይዘጋል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በ2015 ዓ.ም. አንድ የትምህርት ተቋም የተማሪዎችን ውጤት ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እንዳስገባ በትርፍ ሰዓት ቀጠረኝ። የሰርቨሩ ኃላፊ ከእኔ ልጆች ታናሽ የሆነች፥ እዚያው ጅጅጋ ተወልዳ ያደገች ወጣት ነበረች። «መዓሊን» እያለች ትጠራኝ ነበር፤ በሶማልኛ መምህር ማለት ነው። ሠራተኛ ሁሉ 10 ደቂቃ ዝም ካለ እንዲዘጋበት አድርጋ ነበር። ቆጣሪው የሚቆጥረው በሰከንድ ነው፤ 600 ብላ ጽፋለች። ቆጣሪው ትእዛዝ በሚጠብቀው በውጭው ክፍል ብቻ ሲሆን፥ ሰው ወደ አንድ ፕሮግራም ገብቶ ከተቀመጠ አይቆጥርምና፥ ውጤት ለምናስገባበት ፕሮግራምም ሌላ ቆጣሪ ሠርታለታለች። ከዚህ በኋላ ሳስበው ምን ያህል ጠንቃቃ ሠራተኛ እንደ ነበረች ይገባኛል።

ለእኔ ግን 10 ደቂቃው መከራ ሆነብኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ የመምህራኑ የእጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ይመስላል፤ አንዱን ስም ከሌላው ሳመሳክር፥ መነጽሬን ስወለውል፥ ከሚመጣ ሰው ጋር ሰላምታ ስለዋወጥ ይዘጋብኛል። የይለፍ ቃሌን ሁለት ጊዜ አሳስቼ እየጻፍሁ በሦስተኛው እገባለሁ። አንድ ቀን ተቈጥቼ፥ «ልጄ፥ እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት የተማሪ ውጤት በእጄ ይዤ አንዲት ነጥብ ያልጐደለብኝ ሰው ነኝ። ይህ መሣሪያ በየአሥር ደቂቃው ሌባ ነህ እያለ ይሰድበኛል» አልኋት። እርስዋም በጣም አፈረች። «መዓሊን፥ እርስዎን አይደለም የሚጠረጥረው» ብላ ልታስረዳኝ ጀመረች፤ እኔ ግን አላስጨረስኋትም። በማግሥቱ በእኔ ስም ላይ 600 የሚለውን አንሥታ 0 ጻፈችበት። በዚህ ቆጣሪ ዘንድ ዜሮ ማለት «ወዲያው ዝጋ» ማለት አይደለም፤ «ከቶ አትዝጋ» ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት በሰላም ሠራሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ግን ወረቀቴን በጠረጴዛው ላይ፥ ስሜንም በመስኮቱ ላይ ክፍት ትቼ ከመንገዱ ማዶ ሻሂ ልጠጣ ወጣሁ። ከአንድ ወዳጄ ጋር ስለ ድሮው ዘመን ስንጫወት አርባ ደቂቃ ያህል ቆየን። በዚያ መካከል አንድ ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የአንድ ተማሪ ውጤት ከኤፍ ወደ ቢ ለወጠ፤ የሁለት ሌሎች ተማሪዎችንም ዝቅ አደረገ። ለምን ሁለቱን እንደ ጐዳቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። የተገኘው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፥ ውጤቷ ዝቅ ካለባት ልጅ አቤቱታ የተነሣ ነው። ልጅቱ ከአውበሬ የመጣች ነበረች፤ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ በበሩ ላይ ቆማ ሳያት ምንም አልጠረጠርሁም፤ «ልጄ፥ እኛ ጋ ስሕተት የለም» ብዬ መለስኋት። ይህችን ቃል በሕይወቴ ከተናገርኋቸው ቃላት ሁሉ ብመልሳት እወድ ነበር።

ነገሩ ሲመረመር መዝገቡ ያሳየው የእኔን ስም ነው። በዚያ ሰዓት ሻሂ ቤት እንደ ነበርሁ ወዳጄ ስለ መሰከረልኝ እኔ ወዲያው ነጻ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የጉባኤው ሰብሳቢ፥ «በደንቡ መሠረት በ10 ደቂቃ መዘጋት የነበረበት ለምን አርባ ደቂቃ ክፍት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ወጣቷም ተነሥታ፥ «ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ተቀመጠችም። በማን ጠያቂነት እንዳነሣችው አልተናገረችም። እኔ ከእርስዋ ሁለት ወንበር ርቄ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልሁ።

ሦስት ቀን ዝም አልሁ። ምክንያት አልጠፋኝም፤ ሰው ለዝምታው ምክንያት ጠፍቶት አያውቅም። «ደንቡን የማስከበር ሥራ የእርስዋ ነው፤ እኔ ለመንሁ እንጂ አላዘዝሁም፤ እምቢ ማለት ትችል ነበር» እያልሁ አሰብሁ። በእውነት ትችል ነበርን? የሽማግሌን ቃል መግፋት ነውር ሆኖ በሚታይበት አገር፥ ነጭ ፀጉር ያለው መምህር ተቈጥቶ ሲናገር፥ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ «አይሆንም» ማለት ትችላለችን? ልመና ያልሁት ነገር ትእዛዝ እንደ ነበረ እኔ ብቻ አላወቅሁም።

በነዚያ ሦስት ቀኖች ውስጥ ለራሴ ያቀረብኋቸውን መከላከያዎች እዚህ ልጻፋቸው፤ ምክንያቱም እናንተም አንድ ቀን ታቀርቧቸዋላችሁ።

የመጀመሪያው እምነት የሚለው ነበር። ወደ ሐርጌሳ የሄዱ መንገደኞች ሁሉ የሚናገሩት ነገር አለ፤ የገንዘብ መንዛሪዎቹ ለሶላት ሲነሡ የብር ክምራቸውን በጠረጴዛ ላይ በጨርቅ ሸፍነው ይሄዳሉ፤ የሚነካውም የለም። እንግዲህ ሰው ሰውን በሚያምንበት አገር ቆጣሪ ለምን ያስፈልጋል? ይህ አሳብ ልቤን ደስ አሰኝቶት አንድ ሌሊት አስተኝቶኛል። በማግሥቱ ግን ልዩነቱ ታየኝ። መንዛሪው በጠረጴዛው ላይ የተወው የራሱን ገንዘብ ነው፤ ቢጠፋ የሚጐዳው እርሱ ነው፤ ስለዚህ እምነቱ የራሱን ኪሳራ የደፈረ እምነት ነው፤ ክብርም አለው። እኔ በወንበሩ ላይ የተውሁት ግን ከአውበሬ የመጣችውን ልጅ ውጤት ነው። በራሴ ገንዘብ ላይ ደፋር መሆን ቸርነት ሊባል ይችላል፤ በሌላው አደራ ላይ ደፋር መሆን ግን ስሙ ሌላ ነው። በእስልምና ሕግ አደራ ተቀባይ ያለ ጥፋቱ ዕቃው ቢጠፋበት አይከፍልም፤ ቸል ብሎ ከጠፋበት ግን ይከፍላል። ጅጅጋ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አማና ይሉታል። ጥያቄው «ሰረቅህን?» ሳይሆን «ጠበቅህን?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ስድቡ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው እኔን እንደ ሌባ ቈጠረኝ የሚለው። እናቴ «ደጅህን ዝጋ፥ ጎረቤትህንም አትማ» ትለኝ ነበር። ሕፃን ሆኜ ይህ የስስታም ምክር ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ርኅራኄ ሆኖ ይታየኛል። በዚያ ቀን ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ሰው ማን እንደ ሆነ አልታወቀም። ምናልባት ደብዳቤ ሊያደርስ የገባ ተላላኪ ነው፤ ምናልባት ወንድሙ የወደቀበት ልጅ ነው። ቤቱን ዞር ብሎ ቢያይ ማንም የለም፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ስሙ የእርሱ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ሰው ላይሆን ይችላል። እኔ ነኝ ፈተናውን አዘጋጅቼ፥ ወረቀቱን ዘርግቼ፥ ብዕሩን አጠገቡ ያኖርሁለት። ደግሞም ከእርሱ ጋር በዚያ ፎቅ የሚሠሩ ንጹሐን ሁሉ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ እስከ ዛሬ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ክፍት ደጅ አንድ ሌባ ብቻ ሳይሆን አሥራ አንድ ተጠርጣሪ ይፈጥራል።

በሶማሌዎች ባሕል ሔር የሚባል የሽማግሌዎች ሕግ አለ፤ በእርሱ መሠረት አንዱ የጎሳ ሰው ላጠፋው ጥፋት ወገኑ ሁሉ ካሣውን ተካፍሎ ይከፍላል፤ ካሣውንም ማግ ይሉታል። የሩቅ ሰው ሲሰማው ፍትሕ የጐደለው ይመስለዋል። ነገር ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ጥበብ አለ፤ አጥፊው አንድ ቢሆን እንኳ ጥፋቱ እንዲሆን የፈቀደው ብዙ ሰው መሆኑን ያውቃል። የሰርቨሩ መዝገብ ግን ይህን ጥበብ አያውቅም። በመስመሩ ላይ የሚጽፈው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም የተሳሳተ ስም ነበር።

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አውጥቷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት የሚገባውን ሰው ይቀጣል። ትክክል ነው። ነገር ግን ስለ ወጣው እንጂ ስለ ተወው ሰው የሚናገረው ሕሊና ነው፤ የእኔም ሕሊና በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

በዚህ ነገር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። ወጣቷ ቆየት ብላ አስተማረችኝ። ሰርቨሩ ከሩቅ ላለው ኮምፒዩተር በየጊዜው «አለህ?» የሚል መልእክት ይልካል፤ ያም ኮምፒዩተር «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ብዙ የሰርቨር ጠባቂዎች ይህን መጠይቅ ባለቤቱ እንዳለ ማረጋገጫ ያደርጉታል፤ ስሕተት ነው። የሚመልሰው መሣሪያው እንጂ ሰውዬው አይደለም። ሰውዬው ሻሂ ቤት ሆኖ፥ ወይም ወደ ቀብሪ በያህ በመኪና ሄዶ፥ መሣሪያው ግን ቀኑን ሙሉ «አለሁ፥ አለሁ» ይላል።

ይህን ስሰማ ሳልወድ ሳቅሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የተማሪ ስም ጠርቻለሁና። ስም ስጠራ «አቤት» የሚለው ድምፅ ከኋላ ወንበር ይመጣል፤ ቀና ብዬ ሳይ ግን ልጁ የለም፤ ጓደኛው ነው ስለ እርሱ «አቤት» ያለው። ስለዚህ ብልህ መምህር ድምፅ አይሰማም፤ ፊት ያያል። ሰርቨር ፊት ማየት አይችልም፤ የሚያየው እንቅስቃሴን ብቻ ነው። የሚንቀሳቀስ ጣት ካለ ሰው አለ ይላል፤ ዝምታ ካለ ሰው የለም ይላል። ሁለቱም ፍርድ ሊሳሳት ይችላል፤ የሚጽፈው ሌባ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ያለውም በጥንቃቄ የሚያነብ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዜሮም አንድ ነገር አለ። ሩቅ ያለውን ኮምፒዩተር የሚጠይቀው ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለው ፕሮግራም፥ ስንት ጊዜ መልስ ካጣ በኋላ ግንኙነቱን ይቍረጥ ለሚለው ቍጥር 0 ሲጻፍለት፥ ቀድሞ በመጀመሪያው ዝምታ ወዲያው ይቈርጥ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው 8.2 የተባለው ዕትሙ ግን ትርጉሙን ለወጠው፤ ከዚያ ወዲህ 0 ማለት «ከቶ አትቍረጥ» ሆነ። ስለዚህ የድሮውን መመሪያ ይዘው 0 የጻፉ ጠባቂዎች ደጁን የቈለፉ እየመሰላቸው ቁልፉን ነቅለው ጥለውታል። አንድ ፊደል ሳይለወጥ ትእዛዙ ተገለበጠ። የቃል ትርጉም በየዘመኑ ሲለወጥ እኛ መምህራን ብቻ የምንጨነቅ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ልኩ ስንት ነው? የባንክ ካርድ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የደኅንነት ደንብ 15 ደቂቃ ዝም ያለ ሰው እንደገና ማንነቱን እንዲያስረዳ ያዛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለመካከለኛው የጥንቃቄ ደረጃ 30 ደቂቃ፥ ለከፍተኛው 15 ደቂቃ ብሏል። እነዚህ ቍጥሮች ከሰማይ አልወረዱም፤ ሰዎች ተቀምጠው የመዘኗቸው ናቸው። እኔ ግን እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ። በጅጅጋ ጽሕፈት ቤት በቀን መቶ ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር የተቀመጠ ሰውና፥ በቶጎ ውጫሌ በአንዲት ክፍል በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚሠራ፥ ኔትወርኩ በደቂቃ አንድ ጊዜ የሚጠፋበት ሠራተኛ አንድ ልክ ይገባቸዋልን?

አጥብቆ መዝጋት ንጹሑንም ይጐዳል፤ ይህን አይቻለሁ። የሐርት ሼክ የስደተኞች ሰፈር ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆይቶ እንደ ተዘጋ ታሪኩ ይታወቃል። በዚያ ዘመን ከጅጅጋ ወዲያ ከነበሩት ሰፈሮች በአንዱ እንግዳ ሆኜ አድሬ አውቃለሁ። ባለቤቱ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም የራሽን ካርዱ በሌላ እጅ እህል ይቀበል ነበር፤ ይህም ዛሬ ሴሽን ከምንለው ነገር ጋር አንድ ነው፤ ሰው የሌለበት ስም። ስለዚህ ቆጣሪዎች ሳይታሰብ በማለዳ መጥተው በድንኳኑ ያገኙትን ሰው ብቻ ይመዘግቡ ጀመር። የሌለው ስም ጠፋ፤ ነገር ግን ሌሊት ተነሥታ ውኃ ልትቀዳ የሄደች አንዲት እናትም አብራ ጠፋች። ጀሪካኗን እንደ ተሸከመች በሰልፉ ጫፍ ቆማ «እኔ አለሁ እኮ» ስትል አስተርጓሚው አልተረጐመላትም። ቆጣሪ ሲደረግ እንዲህ ያለችው ሴት ትታሰብ።

ደግሞም ልኩ ከመጠን በላይ ካጠረ ሰው ተንኰል ይማራል። በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት ጸሐፊ ማህተም መምቻውን በፊደል ገበታው ላይ አሳርፎ፥ ቁልፉ ተጭኖ እንዲቆይ አድርጎ ለምሳ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰርቨሩ በዚያ ሰዓት የሚያየው ሰው ሳይሆን ማህተም ነበር። ሌላዋ የይለፍ ቃሏን በወረቀት ጽፋ ከመስታወቱ ጎን ለጥፋለች። ደንብ ሰው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን የሚወልደው ታዛዥ ሳይሆን አታላይ ነው። በሌላ በኩል ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ረጅም ሥራ ያለው ሰው ደጁን ከፍቶ ማደር አያስፈልገውም፤ ሥራውን ብቻውን እየሠራ እንዲቆይ ትቶ፥ ስሙን ዘግቶ የሚሄድበት መንገድ አለ፤ ቲ-መክስና ስክሪን የተባሉት ፕሮግራሞች የተሠሩት ለዚህ ነው። ሥራውና ሠራተኛው አንድ እንዳልሆኑ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው በሰላም የሚተኛው።

ከእኔ ነገር አንድ ዓመት በኋላ፥ ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፥ ለመጋቢት 7 አጥቢያ፥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ከውጭ የመጣ ጥቃት እንዳልነበረ ባንኩ ራሱ ተናገረ። ወሬው በስልክ ተዛመተ፤ ከወጡት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በኋላም ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ በሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ሰማሁ፤ አንዱ «ባንኩ ነው ደጁን የከፈተው» ይላል፤ ሌላው «የገባው ልጅ ነው ሌባው» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ እውነት ግን ሌላውን አይሽረውም። ጥፋት እንደ እንጀራ አይደለም፤ ለአንዱ ስለ ተቈረሰ ለሌላው የሚጐድል አይደለም። እኔ ይህን ለመረዳት ሻሂ ቤት መቀመጥ ነበረብኝ፤ እነዚያ ልጆች ደግሞ ፎቶአቸው መለጠፍ ነበረበት። ለእነርሱ አዘንሁ፤ የሚመለስ ገንዘብ ቀላል ነው፤ የተለጠፈ ፊት ግን እንዴት ይመለሳል?

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ መልሱንም እርግጠኛ ሆኜ አልሰጥም። መሣሪያው ስለ እኛ ደጁን ቢዘጋልን፥ እኛ የመዝጋት ልማዳችንን አናጣምን? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የምንነሣው በደወል፥ የምንተኛውም በደወል ነበር። ክረምት ለዕረፍት ቤታችን ስንገባ ግማሾቻችን እስከ ቀትር እንተኛ ነበር፤ ደወሉ ከውስጣችን አልገባምና። ሌሎቹ ግን ደወል በሌለበትም ማልደው ይነሡ ነበር። አንዱ ደወል ሁለት ዓይነት ሰው አወጣ። ልዩነቱ፥ እንደሚመስለኝ፥ አንዱ ደወሉን ሲሰማ ለምን እንደሚደወል ያስብ ነበር፤ ሌላው የሚያስበው ብርድ ልብሱን ብቻ ነበር። ቆጣሪውም እንዲሁ ነው። እኔ በቆጣሪው ስናደድ የማስበው ብርድ ልብሴን ነበር።

በአራተኛው ቀን ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ሄጄ፥ ቆጣሪው የተነሣው በእኔ ቁጣ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፥ «ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለወጣቷ የተጻፈው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን ከፋይሏ አልወጣም፤ ደንቡን የጣሰች እርስዋ ናት ተባለ፤ ለእኔም ሌላ ተጻፈልኝ። ጡረተኛ ደብዳቤ ቢጻፍበት ምን ይጐዳዋል? ለእርስዋ ግን በሚቀጥለው ዓመት የደረጃ ዕድገት ሲመጣ ደብዳቤው ከፊቷ ተነበበ። ከአውበሬ የመጣችው ልጅ ውጤቷ ተመለሰላት፤ ከመመለሱ በፊት ያመለጣትን ምደባ ግን ማንም አልመለሰላትም። ይቅርታ ልጠይቃት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ሳገኛት በትሕትና ሰማችኝ፤ «ምንም አይደለም» አለችኝ፤ ፊቷ ግን እንደዚያ አይልም ነበር።

ወጣቷን ይቅርታ በጠየቅኋት ቀን፥ ለምን በጉባኤው ፊት ስሜን እንዳልጠራች ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም ብላ፥ «መዓሊን፥ እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ነበር እኮ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከወንበሬ ስነሣ፥ ወደ መስኮቱ እንኳ ልሄድ ብዬ ስነሣ፥ በእጄ ዘግቼ እነሣለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጣቷ መጥታ፥ «አሁን ስንት ደቂቃ ላድርግልዎ?» አለችኝ። «አምስት» አልኋት። ሳቀችና፥ «መዓሊን፥ መነጽርዎን ሳያገኙ ያልፋል» ብላ እንደ ሌላው ሰው 600 ጻፈችልኝ። ትናንት ይህን ጽሑፍ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስጽፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቸገረችኝና ቀና ብዬ ወደ ካራማራ ተራራ እያየሁ ቆየሁ። ወደ መስኮቱ ስመለስ ጥቁር ሆኗል፤ በመካከሉም ስሜን እንድናገር የሚጠይቅ አንድ መስመር ነበር። መነጽሬን ፈልጌ ስሜን ጻፍሁለት።